የጌታውን የድንጋይ አንበሳ ከተማሪዎች ጋር ለመጎብኘት፦ ምን እናዘጋጅ፣ ምንስ እንበላቸው?

መምህር ዘደሴ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የታሪክ ክበባችንን ተማሪዎች ይዤ በኮምቦልቻ አቅራቢያ፣ ጌታ በተባለው ቦታ የሚገኘውን፣ በተለምዶ «የጌታ አንበሳ» እየተባለ የሚጠራውን ጥንታዊ የድንጋይ ቅርጽ ለማስጎብኘት አስቤአለሁ። ልጆቹ ስለ አክሱም ሐውልቶችና ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመማሪያ መጽሐፍ ያነበቡትን ይነግሩኛል፤ ከደሴ ቁልቁል ወረድ ብለው ስለሚያገኙት ቅርስ ግን ከጥቂቶቹ በቀር የሰማ የለም።

ምክር የምፈልገው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው በየትኛው ወቅትና በስንት ሰዓት መሄድ እንደሚሻል፣ ሁለተኛው ከአካባቢው ሰው ጋር እንዴት መግባባት እንደሚገባን ነው። ሦስተኛውና የሚያስጨንቀኝ ስለ ቅርጹ ዕድሜ ምን ልበላቸው የሚለው ነው። ክፍል ውስጥ ጉዳዩን ሳነሣ አንዱ ተማሪ «የአክሱም ዘመን ነው» አለ፣ ሌላዋ «የለም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው» ብላ ተከራከረችው፤ ሦስተኛው ደግሞ የወሎ ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነው ከስልኩ አንብቦ ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው።

የቦርከና ልጅ

መምህር፣ ሐሳብዎ ደስ ይላል። የመንገዱን ነገር እኔ ልንገርዎ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ኮምቦልቻ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረሳል፤ የአየሩ ልዩነት ግን ከፒያሳ ሹራብ ደርቦ የተነሣን ልጅ ቦርከና ሸለቆ ሲደርስ ያስወልቀዋል። ስለዚህ ኮፍያና በቂ ውሃ ያስይዟቸው። ከዋናው መንገድ በኋላ በእግር መሄድ ስለማይቀር ጫማቸው ለድንጋያማ መሬት የሚሆን ይሁን።

ወቅቱን በተመለከተ ክረምቱን ማንም ይተወዋል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው በልጉን ነው። በእኛ አገር ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሰማዩ አይታመንም፣ ጭቃውም መኪና ያስቀራል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። በኅዳር ግን ማሽላው ገና ከማሳ ያልተነሣበት፣ ጤፉም የሚታጨድበት ቦታ ስላለ ልጆቹ አቋራጭ ብለው በሰው እርሻ እንዳይገቡ ከወዲሁ ይነገራቸው። የተረገጠ ጤፍ ያየ ገበሬ ለሚቀጥለው ጎብኚ ፊት አይሰጥም፤ አይፈረድበትምም።

ከመሄድዎ በፊት ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጽፈው ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱና ለቀበሌው ያስገቡ። ተማሪ የጫነ መኪና ሳይታወቅ ገጠር ሲገባ «እነማን ናቸው?» ማስባሉ አይቀርም።

የቃሉዋ

እኔ የተወለድኩት እዚያው ቃሉ ስለሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ።

ጌታ የሚታወቀው በድንጋዩ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሼህ ቡሽራ ያቀኑት የእውቀትና የዚያራ (የመንፈሳዊ ጉብኝት) ቦታ ነው፤ ስሙም በወሎ ሙስሊም ዘንድ እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚ ግን ብዙ ጊዜ ድንጋዩን ብቻ ጠይቆ፣ ድንጋዩን ብቻ ፎቶ አንሥቶ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ይመለሳል። ለአካባቢው ሽማግሌዎች ይህ የንቀት ያህል ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ያቅርቡ፤ ከተቻለ ስለ ቦታው ታሪክ ከአንድ አዋቂ አባት ቃል ይስሙ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቅርጹ ይሂዱ። ልጆቹም በአንድ ቀን ሁለት የታሪክ ዘመን ያያሉ።

ጁምዓ ቀን ባይሆን ይመረጣል። በመውሊድና በሌሎች የዚያራ ጊዜያት ሕዝቡ ስለሚበዛ ለትምህርት አይመችም። ሴቶች ልጆች ሻሽ ወይም ነጠላ ይያዙ፤ ሐድራ (የዱዓ ስብስብ) ላይ ያሉ ሰዎችን ካልፈቀዱ በቀር ፎቶ ማንሣት ነውር ነው። ሌላም ልጨምር፦ ስለ ቅርጹ ሰው ሲጠይቁ «ይህ ጣዖት ነበር ወይ?» ብለው አይጀምሩ። መልሱን በጥያቄው ውስጥ ስለሚያስገቡት ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ትረካ የእርስዎ እንጂ የባለአገሩ አይሆንም። «ስለዚህ ድንጋይ ከአባቶችዎ ምን ሰምተዋል?» ቢሏቸው ይበቃል።

ጥርብ ድንጋይ

ሦስተኛው ጥያቄ ሰፊ ነው፤ ረዘም አድርጌ እንድመልስ ይፈቀድልኝ።

ከስልኩ ያነበበው ተማሪ ስለ ዐለቱ የተናገረው ልክ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው የእሳተ ገሞራ ዐለት አብዛኛው ክፍሉ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ነገር ግን የዐለቱ ዕድሜ የቅርጹ ዕድሜ አይደለም፤ ትናንት የተጠረበ የወፍጮ ድንጋይም በዚያ አቆጣጠር 30 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። ይህን ስሕተት ሳይነቅፉ ለትምህርት መነሻ ቢያደርጉት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አያገኙም።

ቀጥሎ የሚመጣው የልጆቹ ጥያቄ «ታዲያ በላቦራቶሪ ለምን አይለካም?» የሚል ይሆናል። ራዲዮካርቦን የሚለካው በሕይወት በነበረ ነገር ውስጥ የቀረን ካርቦን ነው፤ ከሰል፣ አጥንት፣ እንጨት፣ የእህል ቅንጣት የመሳሰሉትን ማለት ነው። የተጠረበ ባዛልት ይህ የለውም። በከሰል የተሳለ የዋሻ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ከቀለሙ ጥቂት ተወስዶ ሊለካ ይችል ነበር፤ ቅርጽ ግን የተሠራው ድንጋይን በመቀነስ ስለሆነ የሚወሰድ ነገር አይተውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በዙሪያው ባሉ ነገሮች ይመረኮዛሉ። በፈቃድ በሚደረግ ቁፋሮ ከሥሩ የሚወጣ የሸክላ ስባሪና ከሰል፣ በላዩ ወይም በአጠገቡ የተቀረጸ ጽሑፍ፣ የመሣሪያው አሻራ፣ ሌላ ቅርጽ በላዩ ላይ ተደርቦ እንደሆነ፣ የተጠረበው ገጽ ከአየርና ከዝናብ የተነሣ ምን ያህል እንደጠቆረ ይመረመራል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ መጥቆርን ብንወስድ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጎንና ጥላ ውስጥ ያለው ጎን በአንድ ቀን የተጠረቡ ቢሆኑም እኩል አይጠቁሩም።

የመጨረሻው መንገድ የአሠራር ንጽጽር ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚያነሣው ከአክሱም ከተማ በስተምዕራብ በጎበድራ ኮረብታ ያለችውን ሴት አንበሳ ነው። እርሷ ርዝመቷ ከ3 ሜትር በላይ ሲሆን በትልቅ ቋጥኝ ገጽ ላይ በጎን ተቀርጻለች፤ ከአጠገቧም መስቀል አለ። ያለችበት ኮረብታ የአክሱም ሐውልቶች ድንጋይ የተፈለጠበት ስለሆነ በጠራቢዎች ሰፈር መካከል ናት ማለት ይቻላል። የአካባቢው ትውፊት ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል ከአንበሳ ጋር ታግሎ ከዐለቱ ጋር እንዳላተማት ይናገራል። ተማሪዎችዎ የሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጠው የራሱን አቅጣጫ፣ የእግሩን አቀማመጥ፣ የጎፈሩን መኖር ወይም አለመኖር፣ ቅርጹ ከዐለቱ ወጣ ያለ ይሁን ወይም መስመሩ ወደ ውስጥ የተቆፈረ ይሁን በየተራ ቢመዘግቡ «የአክሱም ነው» ወይም «አይደለም» ከማለታቸው በፊት ማየትን ይማራሉ።

አንበሳ መሆኑ ብቻውን ግን ዘመን አይነግርም። በአገራችን አንበሳ በአክሱም ዘመን የድንጋይ ሥራም፣ በመካከለኛው ዘመን ሥዕልም፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዓርማና በገንዘብ ላይም አለ። ከዚህ ጋር የሚነጻጸር በጌዴኦ፣ በዲላ አካባቢ ያለው የሸጴ የዐለት ቅርጽ ነው። እዚያ የተቀረጹት ከብቶች ቀንዳቸው ረጃጅም፣ ጀርባቸው ግን ሻኛ የሌለው ነው፤ ሻኛ ያለው ከብት ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው ከሻኛ አልባው በኋላ ስለሆነ ይህ ለአጥኚዎች አንድ ፍንጭ ሰጥቷቸዋል። በአንበሳ ላይ እንዲህ ያለ ፍንጭ አይገኝም፤ አንበሳ ያው አንበሳ ነው።

ፒያሳ

ወንድሜ ጥርብ ድንጋይ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ ግን እስቲ ልጠይቅህ። የጎበድራዋም ብትሆን በአጠገቧ የተገኘ የዘመን ጽሑፍ የላትም፤ ሆኖም አስጎብኚው ሁሉ ሳያመነታ የአክሱም ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ዘመን ሥራ ናት ይላል። የወሎው ሲሆን ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይመጣል? ወሎ ከአክሱም ጀምሮ መተላለፊያ ነበረ። ሰሜኑን ከሸዋ፣ ደጋውን በባቲ በኩል ከአፋር ጨው አገር የሚያገናኘው መንገድ የት ነው የሚያልፈው? ልጆቻችን የራሳቸው ጥንታዊ ቅርስ እንዳላቸው በኩራት ይስሙ እንጂ በ«ምናልባት» ተጠቅልሎ አይሰጣቸው።

ጥርብ ድንጋይ

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ፒያሳ። የጎበድራዋን ሰዎች ወደ አክሱም ዘመን የሚያስጠጓት ስላለችበት ቦታ ነው፤ የሐውልቶቹ ድንጋይ መፈለጫ ሠፈሩ እዚያው፣ ከተማዋም ቅርብ ናት። ያም ቢሆን በአካባቢ የተደገፈ ግምት ነው፤ አስጎብኚው በእርግጠኝነት ቢናገረው እርግጠኝነቱ የአስጎብኚው እንጂ የድንጋዩ አይደለም። የኮምቦልቻው አንበሳ እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሌለው ለእርሱ የሚቀርበው ማስረጃ ከራሱና ከሥሩ ካለው አፈር መምጣት አለበት።

ስለ መንገዱ ያልከው እውነት ነው። ለተማሪዎቹም በካርታ ላይ ይታያቸው። ነገር ግን መንገድ መኖሩ በዚያ መንገድ ማን እንዳለፈ አይነግረንም። ደግሞስ ኩራቱ ለምን በአክሱም በኩል ብቻ እንዲመጣ ትፈልጋለህ? ቅርጹ የሌላ፣ የአካባቢው የራሱ ሕዝብ ሥራ ሆኖ ቢገኝ የወሎ ታሪክ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። «የአክሱም ነው» ብለን አስቀድመን ከዘጋነው ይህን የሚፈልግ ተማሪ አይኖርም።

ባለ ሚኒባሱ

እኔ ሰው ስለማመላልስ ያየሁትን ልናገር። በቀትር የደረሰ ጎብኚ የድንጋይ ቅርጽ አጥርቶ አያይም፣ «ለዚህ ነው ያመጣኸኝ?» ይለኛል። ጠመኔ ይዛችሁ ሂዱና መስመሩን ተከትላችሁ አድምቁት፤ ጠመኔ ከሌለ ውሃ ብትረጩበትም ይወጣል። ዝናብ ሲዘንብ ይለቃል፣ ምንም አይጎዳም።

ብርሃንና ጥላ

ወንድሜ ባለ ሚኒባሱ፣ አብሽር፣ ሐሳብህ ጎብኚውን ለማስደሰት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ይህ እንዳይደረግ አደራ እላለሁ። በሙያዬ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ።

ጠመኔ የሚያሳየው ቅርጹን ሳይሆን የያዘው ሰው ቅርጽ መስሎ የታየውን ነው። አንዱ ስንጥቁን ጅራት ነው ብሎ ያደምቀዋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ጅራት ያያል፣ ፎቶውም በኢንተርኔት ተሠራጭቶ ለዘላለም ጅራት ሆኖ ይቀራል። ዱቄቱ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚቀር ዝናብ ሁሉን አያወጣውም፤ ወደፊት የገጹን መጥቆር ወይም የመሣሪያውን አሻራ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ሰው የሚያገኘው የእኛን ጠመኔ ይሆናል። ውሃም ቢሆን ጨው ይዞ ይገባል፤ ሲደርቅ ጨው ከገጹ ሥር ይረጋና እየቆየ ቅርፊቱን ያነሣዋል። ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ወይም በከሰል እያሹ ማንሣትም ያው ነው፤ ባሹ ቁጥር የላላ ቅንጣት ይረግፋል።

መፍትሔው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው። ፀሐይ ከላይ ወይም ከፊት ስትመታ ጥላ ስለማይኖር ቅርጽ ሁሉ ልሙጥ ይመስላል። ጠዋት ወይም አመሻሹ ላይ ብርሃኑ ገጹን አግድም ሲልሰው እያንዳንዱ ጉብታ የራሱን ጥላ ይጥላል፤ በቀትር የማይታይ መስመር ያኔ ይታያል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ገጹ የዞረበት አቅጣጫ ነው፤ መምህር አስቀድመው ብቻቸውን ሄደው በኮምፓስ ቢያረጋግጡ ቀኑ አይባክንም። በቀትር መሄድ ግድ ከሆነ ሁለት ልጆች ጃንጥላ ወይም ጋቢ ዘርግተው በገጹ ላይ ጥላ ይፍጠሩ፤ ሦስተኛው ራቅ ብሎ በጎን ቆሞ በመስታወት የፀሐይን ብርሃን ያንጸባርቅበት። መስታወቱን ከፍና ዝቅ ባደረጉት ቁጥር ምስሉ ሲለዋወጥ ያያሉ። ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ልጆቹ ይህን ይወዱታል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አልሰለቸኝም።

ባለ ሚኒባሱ

የመስታወቱ ነገር ገብቶኛል፤ በመኪናዬ አንድ ይዤ እዞራለሁ።

መምህር ዘደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የጠመኔው ውይይት በጊዜው መጣ፤ ምክንያቱም የበጎ አድራጎት ክበቡ ልጆች ብሩሽና ሳሙና ይዘው በቅርጹ ላይ የበቀለውን ለማጽዳት፣ ዙሪያውንም በድንጋይ ለማጠርና ቀለም ለመቀባት ፈቃድ ጠይቀውኝ ነበር። በጎ ፈቃዳቸውን ሳልሰብር ምን ልበላቸው? ደግሞም የሸክላ ስባሪ ወይም ሌላ ነገር መሬት ላይ ቢያገኙ ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት ይፈቀዳል?

ጥርብ ድንጋይ

በድንጋይ ላይ የሚበቅለው ነጭና ቢጫ፣ ብዙ ሰው የድንጋይ ሽበት የሚለው ነገር ሥሩን በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል ይሰዳል። በብሩሽ ሲፈገፈግ ቅንጣቱን ነቅሎ ይወጣል፤ ሳሙናውም ውስጥ ይቀራል። ማጽዳት ካስፈለገ በቅርስ ጥገና ባለሙያ የሚወሰን ነው። አጥሩም እንዲሁ፤ መሠረት ለመቆፈር ሲባል ከላይ የዘረዘርኩት ማስረጃ ሁሉ ያለበት አፈር ይገለበጣል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ባለበት ቦታ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

የሸክላውን ነገር በተመለከተ ስባሪው ባለበት ይቆይ። በአጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡት፣ ቦታውን በስልካቸው ይመዝግቡ፣ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ይንገሩ። ስባሪ ከቦታው ከተነሣ በኋላ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ያነሣው ልጅ ብቻ ነው፤ ልጁም በሚቀጥለው ዓመት ይረሳዋል።

ለበጎ አድራጎት ክበቡ ሥራ አይጠፋም። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ከመንገዱ ይልቀሙ።

ፒያሳ

እኔ አሁንም «ምናልባት» የሚለው ቃል አይጥመኝም፤ ግን ስለ ምዝገባ የምጨምረው አለኝ። ደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሲዘረፍ ያስቆጨን ዕቃው መሄዱ ብቻ አልነበረም። ለጠፋ ቅርስ ፎቶና ልኬት ያለው መዝገብ ካልተገኘ በሌላ አገር ገበያ ቢወጣ እንኳ የእኛ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ይህ ቋጥኝ በመኪና ተጭኖ አይሄድም፤ ነገር ግን ድንጋይ ለግንባታ በሚፈለጥበት አገር አንድ መዶሻ የያዘ ሰው ይበቃዋል። ስለዚህ የልጆቹ ፎቶ ለማስታወሻ ብቻ አይሁን፤ ለመዝገብ የሚሆን ይሁን።

ብርሃንና ጥላ

በዚህ ከፒያሳ ጋር እስማማለሁ። ለፎቶግራሜትሪ፣ ማለትም ብዙ ፎቶዎችን በኮምፒውተር አገጣጥሞ የአንድን ነገር ሙሉ ቅርጽ ለማውጣት፣ የሚሆን ሥራ በስልክ ካሜራ ይሠራል። በቅርጹ ዙሪያ ቀስ እያሉ በመዞር በየእርምጃው አንድ ፎቶ ያንሡ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ጋር ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ይደራረብ። አንድ ዙር በቁመታቸው ልክ፣ አንድ ዙር ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዙር ስልኩን ከፍ አድርገው ያንሡ። እዚህ ላይ የጎን ብርሃን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ደመናማ ሰዓት ይሻላል፣ ምክንያቱም ጥላ ከተንቀሳቀሰ ኮምፒውተሩ ይሳሳታል። ማስመሪያ ወይም የታወቀ ርዝመት ያለው እንጨት መሬት ላይ፣ ከቅርጹ ሳይነካ፣ ይቀመጥ። ፎቶዎቹን ከሰጡኝ ባለ ሦስት አውታሩን (3D) ምስል እኔ አዘጋጅቼ ለትምህርት ቤቱም ለጽሕፈት ቤቱም ቅጂ እሰጣለሁ።

የቃሉዋ

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ይከቧችኋል። ብር አትስጧቸው፤ ተማሪ ሁሉ አንዳንድ ብር ከሰጠ ትምህርት ትተው መንገድ ላይ ጎብኚ ሲጠብቁ ይውላሉ። ለአዋቂ አስጎብኚ ግን ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ በአግባቡ ክፈሉ። ልጆቹን ከተማሪዎቻችሁ ጋር አብራችሁ አስቀምጧቸው፤ ቅርጹን በየቀኑ የሚያዩት እነርሱ ናቸው፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደሚያበራለትም ከኮምፓሱ በፊት ይነግሯችኋል።

መምህር ዘደሴ

እንግዲያው እንዲህ አደርጋለሁ። በኅዳር መጨረሻ፣ ጁምዓ ባልሆነ ቀን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ብቻዬን ወርጄ ሽማግሌዎቹን እጠይቃለሁ፣ የገጹን አቅጣጫም አያለሁ። ዕድሜውን በተመለከተ ለልጆቹ መልስ ይዤ አልሄድም፤ የጎበድራዋን ፎቶ ይዤ ሄጄ በቡድን በቡድን የሚለዩበትንና የሚመሳሰሉበትን እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ «የአክሱም ነው» ያለውም «ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው» ያለችውም ማስረጃቸውን ከድንጋዩ ላይ እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ስልክ የሌላቸው ተማሪዎች ስላሉ ለእነርሱ ሥዕል መንደፍ ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

ብርሃንና ጥላ

በጣም ይጠቅማል፤ በፎቶ የሚታለፈውን እጅ ሲነድፍ ያስተውለዋል። የሒሳብ ደብተር ባለ ካሬ ወረቀት ይያዙ፣ አንዱ ካሬ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብለው ይወስኑ፣ በሜትር ገመድ ሳይነኩ ርቀቱን እያነበቡ ይንደፉ። የተጠረበውን በደማቅ መስመር፣ የተሰነጠቀውን በነጠብጣብ መስመር ይለዩ፤ ለመለየት ያስቸገራቸውን ደግሞ ባዶ ይተዉት። ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና የቆሙበት አቅጣጫ በወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፍ።

የቦርከና ልጅ

ደብዳቤውን ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድመው ያስገቡ፤ መልሱን በስልክ አይጠብቁ፣ ራስዎ ሄደው ይውሰዱት። የጽሕፈት ቤቱ ሰው አብሮ እንዲወጣም ይጋብዙት፤ የመኪና ቦታ ይያዙለት።